ባለ 25 ዋቷ ትንሽ ሬዲዮ ታዋጣለች? በመሃል አዲስ አበባ ለሚኖር አማተር የንጽጽር መመሪያ

የአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለራስ ፍላጎት ከሌሎች ጋር በሬዲዮ የመገናኘት) ፈቃድ ይዞ የመጀመሪያ ዕቃውን ሊገዛ የተነሣ ሰው ምክር አያጣም፤ ችግሩ ምክሩ እርስ በርስ መጋጨቱ ነው። አንዱ «በእጅ የምትያዘው ትበቃሃለች» ይለዋል። ሌላው «ከ50 ዋት በታች ያለውን ሬዲዮ ብለህ አትጥራው» ይላል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከመዳፍ ብዙም የማትሰፋ፣ ከመኪና ባትሪ የምትሠራ፣ ዋጋዋም የማያስደነግጥ ባለ 25 ዋት ቻይና ሠራሽ የመኪና ሬዲዮ አለች። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ ወይም በሜክሲኮ ዙሪያ ለሚኖር ሰው እሷ ከሌሎቹ ምርጫዎች ጋር ስትመዘን ምን ትመስላለች? ለአብዛኛው ሰው ታዋጣለች ባይ ነኝ፤ የሚያዋጣበት ምክንያት ግን ማሸጊያ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት አይደለም።

ከዋጋ በፊት

መጀመሪያ ወረቀቱ። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥልጣን ነው። ፈቃድ ሳይኖር ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ይዞልኝ ይምጣ ማለት ዕቃውን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ለማስያዝ መዘጋጀት ነው። ስለዚህ የምትፈልጉትን ሞዴል ወስኑ፤ የማስገቢያ ፈቃዱን ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ክፈሉ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ቀረጥ፣ ቅጣትና ምልልስ ተደምሮ ርካሹን ሬዲዮ ከውዱ በላይ ያስወድደዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከማን ጋር ልትነጋገሩ ነው የሚለው ነው። እዚህ የምናነሣቸው ሬዲዮዎች በሁለት ሜትርና በ70 ሳንቲ ሜትር ባንዶች፣ ማለትም በሞገዳቸው ርዝመት በሚጠሩ ሁለት የፍሪኩዌንሲ ክልሎች፣ የሚሠሩ ናቸው። ኢትዮጵያ ባለችበት የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቀጣና 1 የመጀመሪያው ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ፣ ሁለተኛው ከ430 እስከ 440 ሜጋኸርዝ ነው። በፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈው ወሰን ከዚህ ከጠበበ የሚገዛችሁ እሱ ነው። በእነዚህ ባንዶች ሞገዱ በአብዛኛው ዐይን እስከሚያይበት አድማስ ድረስ፣ ቢበዛ ትንሽ አልፎ ይሄዳል። ልባችሁ ያለው ከሮም ወይም ከቶኪዮ አማተሮች ጋር ማውራት ላይ ከሆነ ከእነዚህ አንዱም አይሆናችሁም፤ ገንዘባችሁን ለአጭር ሞገድ መሣሪያና ለረጅም ሽቦ አንቴና ቆጥቡ።

የአገራችን አማተሮች ቁጥር ትንሽ መሆኑንም አትርሱ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ጣቢያ አለው፤ የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ነው። ከመግዛት በፊት እዚያ ጎራ ብሎ ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚገኝ መጠየቅ ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ ከማየት ይበልጣል። ለግንባታ ቦታ ጥበቃ ወይም ለመጋዘን ሠራተኞች መገናኛ የምትፈልጉ ከሆናችሁ ደግሞ ይህ መመሪያ እናንተን አይመለከትም፤ አማተር ባንድ ለንግድ ሥራ አይውልም።

በምን እንመዝን?

ሻጭ ሁሉ ከዋት ይጀምራል። እኔ ዋትን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ ሂሳቡም ከእኔ ጋር ነው። ከ5 ዋት ወደ 25 ዋት ስትወጡ የምታገኙት ጭማሪ 7 ዴሲቤል (የምልክት ጥንካሬ ልዩነት የሚለካበት) ነው፤ ይህ በመቀበያው መለኪያ ላይ ከአንድ ደረጃ ጥቂት ይበልጣል። ከ25 ወደ 50 ስትወጡ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ግማሽ ደረጃ፣ ጆሮ አስተውሎ ካልሆነ የማይለየው።

በዚህ ከተማ ከዋት በፊት የሚመጣው ከፍታ ነው። የአድማስን ርቀት በኪሎ ሜትር ለመገመት የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.1 አባዙ። 16 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና ሜዳ ላይ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። አዲስ አበባ ግን ሜዳ አይደለችም፤ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ታዘቀዝቃለች። ከእንጦጦ ጫፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ፣ በደቡብ በኩል ያለው አድማስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እዚያ በእጅ የተያዘ 5 ዋት ካዛንቺስ በረጃጅም ፎቆች መሃል ምድር ቤት ከተቀመጠ 80 ዋት በላይ ይሰማል።

ቀጥሎ ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘው ኬብል ይመጣል። የብዙ ሰው ገንዘብ ሳይታወቅ የሚፈስሰው እዚህ ነው። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭኑ ኬብል በ435 ሜጋኸርዝ በየ20 ሜትሩ 7 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። ከሬዲዮው 20 ዋት ቢወጣ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ጋ የሚደርሰው 4 ዋት ነው ማለት ነው፤ ቀሪው ኬብሉን ያሞቃል። ያው ርዝመት በወፍራሙ አርጂ-213 ቢሆን ኪሳራው ከግማሽ በታች ይወርዳል። በ50 ዋት ሬዲዮና በቀጭን ኬብል ከመጣ ሰው ይልቅ በ25 ዋትና በወፍራም ኬብል የመጣው ያሸንፋል፤ ደግሞም የተሻለ ይሰማል፤ ኬብል የሚመጣውንም የሚሄደውንም እኩል ነውና የሚበላው።

ሦስተኛው መመዘኛ ጆሮ ነው፣ የመቀበያው ጥራት። መሃል ከተማ ላይ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያሉት የኤፍኤም ጣቢያዎች፣ በየሕንፃው ጣሪያ የተተከሉት የስልክ አንቴናዎች፣ የድርጅቶች መገናኛዎች ሁሉ በአንድነት ይጮኻሉ። ማጣሪያው ደካማ የሆነ መቀበያ በዚህ ጩኸት ይደነቁራል፤ የወዳጃችሁ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ እንደሌለ ይቆጥረዋል፣ ወይም ስኩዌልቹ (የሚናገር ሰው በሌለ ጊዜ ሬዲዮውን ዝም የሚያሰኘው) ያለ ምክንያት እየተከፈተ ያፏጫል።

አራተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የማይሠራ ሬዲዮ ግማሽ ሬዲዮ ነው፤ ስለዚህ ስንት አምፔር እንደሚጠጣ ማወቅ ግድ ይላል። ከዚህ ጋር ሙቀት አለ፦ በ2,350 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው መጠን ይቀንሳል። የሚቀመጥበት ቦታና ጠቅላላ ወጪው የመጨረሻዎቹ ናቸው። ጠቅላላ ስል ሬዲዮ፣ አንቴና፣ ኬብልና የኃይል ምንጭ ተደምሮ ነው።

የእጅ ሬዲዮ

ባኦፌንግ ዩቪ-5አር የዚህ ወገን ተወካይ ነው፦ 4 ወይም 5 ዋት፣ ሁለቱም ባንዶች፣ 128 ቻናል። ከሁሉም ርካሽ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ ግድ የለውም። እንጦጦ ላይ ለመውጣትና የጠፈር ጣቢያውን ለማዳመጥ የሚመቸውም እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ145.800 ሜጋኸርዝ ድምፅ ሲያስተላልፍ በከተማው አናት ላይ በሚያልፍባቸው ደቂቃዎች በእጅ ሬዲዮ በደንብ ይሰማል፤ ከጣቢያው ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በመካከል ሕንፃ የለም።

ችግሩ መሃል ከተማ ይጀምራል። መቀበያው በአንዲት ቺፕ ላይ የተሠራ ስለሆነ አብሮት በመጣው አጭር የጎማ አንቴና ይቻለዋል፤ ጣሪያ ላይ ካለ ጥሩ አንቴና ጋር ስታገናኙት ግን የኤፍኤሙ ጩኸት ሁሉ ገብቶ ያደነቁረዋል። «አንቴና ባሻሽል ይሻላል» ብሎ ያሰበ ሰው ተቃራኒው ሲገጥመው ግራ ይጋባል። በተጨማሪም ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች በአሜሪካ የአማተሮች ማኅበር ቤተ ሙከራ ሲለኩ ብዙዎቹ ከተፈቀደላቸው ፍሪኩዌንሲ ውጭ ከደንቡ በላይ ሲረጩ ተገኝተዋል።

ትንሿ ባለ 25 ዋት የመኪና ሬዲዮ

እዚህ ትንሽ እንቆይ። ኪውዋይቲ ኬቲ-8900 በብዙ ስም ተለጥፎ የሚሸጠው የዚህ ዓይነት መነሻ ነው። በሁለት ሜትር 25 ዋት፣ በ70 ሳንቲ ሜትር 20 ዋት፣ 200 ቻናል፣ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ በታች። ቪትዝ መኪና ውስጥ ከማርሽ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ ትገባለች፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ከኮምፒውተሩ ጎን ብትቀመጥ ማንም አያያትም።

የመናገሪያ ቁልፉን ስትጫኑ ከ5 እስከ 6 አምፔር ትስባለች። ትንሽ ይመስላል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ግን ነገር ይበላሻል። ከባትሪው ሦስት ሜትር ርቃ በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብትገናኝ በመንገድ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ ቁልፉ ሲጫን መብራቷ ደብዘዝ ይላል፣ አንዳንዴም ጠፍታ ትነሣለች። ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ደግሞ ድምፃችሁ ሲቆራረጥ ይሰማል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ኪሳራው ወደ ሩብ ቮልት ይወርዳል። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬቱን ተዉት። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ወፍራም ሽቦ፣ የባትሪ ጫፍ ማያያዣና የፊውዝ ማስቀመጫ ግዙ፤ ፊውዙን ከሬዲዮው ይልቅ ወደ ባትሪው አስጠግታችሁ ግጠሙ።

ቤት ውስጥ ለዩፒኤስ የሚሸጠው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ለአንድ ምሽት ማዳመጫ ይበቃታል፤ ብዙ ለማውራት ግን ያንሳል። ይህ ከትልልቆቹ የምትለይበት ዋናው ነጥብ ነው፦ እዚህ ካነሣናቸው የመኪና ሬዲዮዎች በሙሉ ኃይሏ በርካሽ ባትሪ የምትኖረው እሷ ናት።

አሁን ጉድለቷ። መስኮቷ ላይ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ስታሳይ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የምትሰማ ትመስላለች፤ መቀበያዋ ግን አንድ ነው። በአንዱ ሰው ሲያወራ ሌላውን አትሰማም። ድምፅ ማጉያዋ ከሰውነቷ ጋር ትንሽ ስለሆነች በሜክሲኮ አደባባይ የመኪና ጥሩንባ መሃል አትሰማም፤ ከኋላዋ ባለው ቀዳዳ ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ ስኩባት። ሙቀትን አትወድም፦ በከፍተኛ ኃይል ለደቂቃዎች ሳትቆርጡ ብታወሩ እጅ እስከማያስነካ ትግላለች፣ ስለዚህ ለዕለት ወሬ ዝቅተኛውን ኃይል ተጠቀሙ። መቀበያዋ ከእጅ ሬዲዮው ይሻላል፣ ከጃፓኖቹ ያንሳል። ጣሪያው ላይ የስልክ አንቴና የተተከለበት ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ልዩነት በየቀኑ ይሰማችኋል።

ፕሮግራሟ በቁልፍ ሲሞላ ያሰለቻል። ቺርፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሥራውን ያቀልለዋል፤ ከኮምፒውተሩ የሚያገናኛትን ኬብል ግን ስትገዙ ተጠንቀቁ፣ ሐሰተኛ ቺፕ ያለባቸውን ዊንዶውስ አላውቃቸውም ይላል። ፋብሪካው ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ እንድታስተላልፍ ክፍት አድርጎ ስለሚልካት፣ ኮምፒውተር ላይ ሳላችሁ የማስተላለፊያ ወሰኗን በፈቃዳችሁ ልክ ገድቡት። በስሕተት የሌላ መሥሪያ ቤት ፍሪኩዌንሲ ላይ መግባት እንደ ቀልድ አይታይም።

ጃፓኖቹ፦ አንድ ባንድ፣ ብዙ ዋት

ኢኮም አይሲ-2300ኤች 65 ዋት፣ ያሱ ኤፍቲ-2980አር 80 ዋት ያወጣሉ፤ ሁለቱም በሁለት ሜትር ባንድ ብቻ ይሠራሉ። የሚገዙት ለዋታቸው ይመስላል፤ እኔ ግን የምመክራቸው ለጆሯቸው ነው። መቀበያቸው በከተማ ጩኸት አይደናገጥም። ያሱው ማራገቢያ የለውም፤ ሙሉ ገላው የብረት ማቀዝቀዣ ነው። አቧራ በበዛበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የሚሰበር ማራገቢያ የለምና። በምትኩ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዕቃ ነው፤ በሙሉ ኃይል 15 አምፔር ይጠጣል፣ ቪትዝ ውስጥም ቦታ ፈልጉለት። መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ ሙሉ ኃይሉን አታገኙትም።

ጃፓኖቹ፦ ሁለት ባንድ፣ 50 ዋት

ያሱ ኤፍቲኤም-6000አር ፊቱ (መስኮቱና ቁልፎቹ ያሉበት) ከአካሉ ስለሚነቀል አካሉ ከወንበር ሥር ሆኖ ፊቱ ብቻ ከፊት ይቀመጣል። ይህን ያህል ከፍሎ ሁለት መቀበያ የሚጠብቅ ሰው ግን ያዝናል፤ እሱም ባንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለቱን ባንዶች በእውነት እኩል መስማት፣ ከአንዱ ተቀብሎ በሌላው ማስተላለፍ የሚፈልግ እንደ ኬንዉድ ቲኤም-ቪ71 ያለ ያገለገለ ይፈልግ። ለጀማሪ ግን ሁለቱንም አልመክርም፤ ገንዘቡ አንቴናው ላይ ቢውል ይሻላል።

በአንድ እይታ

ዋጋው ውጭ አገር አዲሱ ዕቃ የሚሸጥበት ግምት ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ አልተጨመረበትም። ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን በብር አልጻፍኩትም።

| ምርጫ | ኃይል | በመሃል ከተማ የመስማት ጥራት | ሲያስተላልፍ የሚጠጣው | ዋጋ በዶላር | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| የእጅ ሬዲዮ | 4–5 ዋት | ከጣሪያ አንቴና ጋር ደካማ | የራሱ ባትሪ | 20–30 | ለእግረኛ፣ ለእንጦጦ፣ ለሳተላይት |
| ትንሿ የመኪና ሬዲዮ | 20–25 ዋት | መካከለኛ | 5–6 አምፔር | 70–100 | ለመጀመሪያ ጣቢያ፣ ለትንሽ መኪና |
| ጃፓን ባለ አንድ ባንድ | 65–80 ዋት | በጣም ጥሩ | እስከ 15 አምፔር | 150–200 | ለቋሚ የቤት ጣቢያ |
| ጃፓን ባለ ሁለት ባንድ | 50 ዋት | በጣም ጥሩ | 10–12 አምፔር | 250–350 | ልምድ ላለው |

እንደየሁኔታው

ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት የምትኖሩ ዕድለኞች ናችሁ። ጣሪያው ራሱ የአንቴናው ግማሽ ይሆናል። ማግኔት ያለውን የመኪና አንቴና ጣሪያው መሃል አስቀምጡት፤ ቀለሙን እንዳይቧጥጠውና ዝገት እንዳይጀምር ከሥሩ ቀጭን ፕላስቲክ አንጥፉ። ርዝመቱ 49 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዘንግ የሁለት ሜትሩ ባንድ ሞገድ ሩብ ርዝመት ነው፤ 145 በሦስት ሲባዛ 435 ስለሆነ ያው ዘንግ በ70 ሳንቲ ሜትርም ይሠራል። ትንሿ ሬዲዮ፣ ይህ አንቴናና አሥር ሜትር የማይሞላ ኬብል ካላችሁ ለጊዜው ሌላ ምንም አትግዙ። ክረምት ሲገባ ግን ደመና በተጫነ ቁጥር ኬብሉን ከሬዲዮው ንቀሉ፤ ያልተነቀለ አንቴና መብረቅን ወደ ቤት የሚያስገባ መንገድ ነው።

ፎቅ ላይ ለምትኖሩና የሕንፃው አስተዳደር ጣሪያ ላይ መውጣት ለማይፈቅድላችሁ፣ በረንዳው የሚያየውን አቅጣጫ ተመልከቱ። በረንዳው ክፍት ወደ ሆነ ቦታ ከዞረ ትንሿ ሬዲዮ ትሠራለች። ወደ ሌላ ሕንፃ ግድግዳ ከዞረ 80 ዋትም አያድናችሁም፤ የእጅ ሬዲዮ ገዝታችሁ ቅዳሜና እሑድ ዳገት ውጡ፣ የፈቃድ ወረቀቱን ግን ከኪሳችሁ አትለዩ።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና የሚሄድ አማተር አዲስ ጣጣ ገጥሞታል። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እዚያም አለች፣ ሬዲዮው ከእሷ ይነሣል፤ ነገር ግን እሷን የሚሞላው መቀየሪያ የሬዲዮ ጩኸት ሊፈጥር ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የወዳጅ የእጅ ሬዲዮ ተውሳችሁ መኪናው በርቶ ሳለ ባዶ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስኩዌልቹን ከፍታችሁ አዳምጡ፤ ሹክሹክታው ወደ ፉጨት ከተለወጠ እዚያ መኪና ላይ ለውድ ሬዲዮ አትክፈሉ። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች በምንም ምክንያት አትንኩ፤ የሚገድል ቮልቴጅ ያለው እዚያ ነው።

ቤቱ ቋሚ፣ ጣሪያው የራሱ፣ ቤቱም የስልክ አንቴና በበዛበት ሰፈር የሆነ ሰው ባለ አንድ ባንዱን ጃፓን ይግዛ። 80 ዋቱን ሳይሆን 5 እና 10 ዋቱን እየተጠቀመ በጥሩ ጆሮው ይደሰት።

ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ሻጩ «ይሠራል» ስላለ ብቻ አትክፈሉ። የዋት መለኪያና ሰው ሠራሽ ጭነት (በአንቴና ፈንታ ተሰክቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ) ይዛችሁ ሂዱ፤ በሁሉም የኃይል ደረጃዎች ለክታችሁ እዩ፣ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ንባቡ እየወረደ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። የማይኩን ኬብል ከማይኩ ጋር በሚያያዝበት ሥር ላይ ወዝወዝ አድርጉት፤ ኬብሉ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከኋላ ያለው የአንቴና ማስገቢያ ከተወዛወዘ ዋጋውን ተደራደሩ ወይም ትታችሁ ሂዱ።